ሽፈራው ወይስ ጥቁር አዝሙድ? ስኳርና ግፊት ላለባቸው እናት

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂዋ የጻፈችው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ግፊትም አለባት። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊቷ ደግሞ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ባለፈው ጤና ጣቢያ ስትለካ በባዶ ሆዷ 190 ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የሽፈራው ዱቄት ልካላታለች። ጎረቤቶቻችን ግን ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ትዋጥ ይላሉ። የትኛው ይሻላል? ሁለቱንም ብትወስድስ? ኪኒኑንስ መቀነስ ትችላለች?»

እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን ላስቀድም። ኪኒኑ አይቀነስም፤ አይቋረጥምም። ሽፈራውም ሆነ ጥቁር አዝሙድ የሜትፎርሚንን ቦታ አይተካም። መጠኑ መቀነስ ካለበት ውጤታቸውን አይቶ የሚቀንሰው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው። እዚህ ላይ ከተስማማን የቀረውን ተረጋግተን እንነጋገራለን።

ስለ ምርጫውም ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገርሽ። ለስኳራቸው ብለው ከሁለቱ አንዱን መሞከር ከፈለጉ ጥቁር አዝሙድ የተሻለ መረጃ አለው። ግን ያለ ማር፣ በትንሽ መጠን፣ ከምግብ ጋር፣ ስኳራቸው እየተለካ ነው። ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፤ እንደ ጎመን ይበሉት። የመድኃኒት ሥራ ግን አትጠብቁበት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መጀመር አልመክርም። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ጥያቄው ያንቺ ብቻ ስላልሆነ ነው። እኔ በምሠራበት የባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ሰው ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት እየሰጠኝ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ከደጋ ዳሞትም፣ ከዳንግላም፣ ከሞጣም የሚመጣው ሰው ጥያቄው አንድ ነው።

ከሽፈራው ልጀምር። ሽፈራው ለኛ ለጎጃሞች የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። አገሩ ደቡብ ነው፤ ኮንሶ፣ ደራሼ፣ ጋሞ። እዚያ በየጓሮው የሚተከል የቆላ ዛፍ ነው። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ኩርኩፋ ከሚባለው የማሽላ ምግብ ጋር ይበላል። ለደቡብ ሰዎች የዘወትር ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ወደኛ የመጣው ግን ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ነው። ከላዩም «ስኳር ያጠፋል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ኩላሊት ያጥባል» የሚል ተለጥፎበታል። አብሮት የመጣው ወሬ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ከወሬዎቹ አንዱን እንየው። «ሽፈራው ከወተት 17 እጥፍ ካልሲየም አለው» ይባላል። ስሌቱ ሐሰት አይደለም፤ አንባቢውን ግን ያሳስታል። የሚነጻጸረው 100 ግራም ደረቅ ዱቄት ከ100 ግራም ወተት ጋር ነው። በ100 ግራም ዱቄት ውስጥ ወደ 2000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይገኛል። ግን 100 ግራም ዱቄት በቀን ማን ይበላል? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 8 ግራም ቢሆን ነው። ከሱ የሚገኘው 160 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ይህ ከግማሽ ብርጭቆ ትንሽ የሚበልጥ ወተት ነው። ያም ቢሆን ሁሉም ወደ ደም አይገባም፤ ከፊሉን ቅጠሉ ውስጥ ያሉ ሌሎች ነገሮች ይዘው ያስቀሩታል። ብረቱም እንደዚሁ ነው። ፕሮቲኑም በማንኪያ 2 ግራም ገደማ ነው። ቫይታሚን ሲው ደግሞ ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ጥሩ ምግብ ነው። በጾም ወቅት ሽሮ ላይ ቢነሰነስ ወይም ከድንች ወጥ ጋር ቢገባ ጠቃሚ ነው። ጓሮ ያለው የአበሻ ጎመን ግን ከሱ ብዙም አያንስም፤ ደግሞም በነጻ ነው።

ስኳርን በተመለከተስ? ታይላንድ ውስጥ ገና መድኃኒት ባልጀመሩ የስኳር ሕሙማን ላይ የተሠራና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ለአንዱ ወገን በቀን 8 ግራም የሽፈራው ቅጠል በካፕሱል፣ ለሌላው ወገን ምንም ነገር የሌለበት ካፕሱል ለአራት ሳምንት ተሰጣቸው። በመጨረሻ ሲለካ የሁለቱ ወገኖች ስኳር ልዩነት አልነበረውም። ሌላ ደግሞ ስፔን ውስጥ የስኳር በሽታ ደፍ ላይ ባሉ ሰዎች የተሠራ ጥናት ትንሽ መሻሻል አሳይቷል። ትንሽ ስል በእውነት ትንሽ ማለቴ ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፤ እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በህንዱ የሽፈራው ዝርያ ነው። ከደቡባችን የሚመጣው አብዛኛው ዱቄት የሌላ ዝርያ ነው፤ የኛው አገርና የሰሜን ኬንያው። ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። በህንዱ ላይ የታየው ሁሉ በኛውም ይታያል ብሎ መማል አይቻልም።

ለኛ አካባቢ ለየት አድርጌ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። በጎጃም ደጋ እንቅርት የቆየ ችግር ነው። ሽፈራው እንደ ጥቅል ጎመን ሁሉ የአዮዲንን ሥራ የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች አሉት። አዮዲን ያለው ጨው ለሚበላና ቅጠሉን ቀቅሎ ውኃውን ለሚደፋ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ አይደለም። እንቅርት ያለበት ሰው ግን ዱቄቱን በየቀኑ በጥሬው በሻይ በጥብጦ ባይጠጣ ይሻለዋል። ሥሩንና ቅርፊቱን ደግሞ ማንም አይንካው። በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች ፈጽሞ።

አሁን ወደ ጥቁር አዝሙድ። ይሄን እንኳ ላንቺ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ዳቦ ውስጥ አለ፤ በርበሬ ውስጥ አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ፣ በመዳፉ አሽቶ ያሸተዋል። እናቶቻችን ፍሬውን ሳይፈጩት በፊት በጣታቸው ጨፍልቀው ሽታውን የሚፈትኑት በከንቱ አይደለም። አፍንጫ ላይ የሚወጣው ያ ጠንካራ ሽታ ከፍሬው ተናኝ ዘይት የሚመጣ ነው። ተመራማሪዎች በብዛት የሚያጠኑት ቲሞኪኖን የሚባለው ንጥረ ነገርም እዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ሽታው የጠፋ ጥቁር አዝሙድ ዋናው ነገር ጠፍቶበታል። ስለዚህ አጥብቆ መቁላት ጥሩ አይደለም። ለወር የሚበቃ ፈጭቶ ክዳኑ በላላ ዕቃ ማስቀመጥም እንዲሁ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ በሙቀጫ መውቀጥ ይሻላል።

ስለ ስኳር የተሠራው ጥናት ከሽፈራው ይልቅ እዚህ ጠንከር ይላል። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመውን ልንገርሽ፤ ላንቺ ጥያቄ ብዙ ይመልሳል። 94 የስኳር ሕሙማን ነበሩ። በሦስት ቡድን ተከፍለው አንዱ በቀን 1 ግራም፣ አንዱ 2 ግራም፣ አንዱ 3 ግራም ጥቁር አዝሙድ ለሦስት ወር ወሰዱ። 1 ግራም የወሰዱት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። 2 ግራም የወሰዱት በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው በሁለተኛው ወር በአማካይ በ62 ወረደ። ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራም በ1.5 ገደማ ቀነሰ። 3 ግራም የወሰዱት ግን ከ2 ግራሞቹ የተለየ ጥቅም አላገኙም።

እዚህ ውስጥ ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ጥቁር አዝሙዱን የወሰዱት መድኃኒታቸው ላይ ጨምረው ነው። መድኃኒቱን ትቶ ጥቁር አዝሙድ ብቻ የወሰደ አልነበረም። ጎረቤት ወሬውን ሲያመጣ ይህቺን ነው የሚረሳት። ሁለተኛ፣ ሲበዛ አይበልጥም። 2 ግራም ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ነው፤ ሳይቆለል። «ከበላሁት አይቀር» ብሎ በሾርባ ማንኪያ የሚውጥ ሰው የሚያተርፈው የጨጓራ ቃጠሎ ነው። ውጤቱንም በልኩ እንያዘው። አንድ ጥናት ነው፤ የሰዎቹ ቁጥርም ብዙ አይደለም። ኋላ የመጡ ጥናቶች አቅጣጫው ትክክል መሆኑን አሳይተዋል። የብዙዎቹ የለውጥ መጠን ግን ከዚህ ያነሰ ነው።

ለግፊትስ? ብዙ ጥናቶችን ባንድ ላይ የደመረ ትንታኔ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ጥቁር አዝሙድ የላይኛውንም የታችኛውንም ግፊት በአማካይ በ3 ነጥብ ገደማ ዝቅ ያደርጋል ይላል። 160 የሆነ ግፊት 157 ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ኢናላፕሪል አይጣልም። ጨው መቀነስ ብቻውን ከዚህ የበለጠ ይሠራል።

ኢናላፕሪልን ካነሣን አይቀር፣ አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ደረቅ ሳል አለባቸው? ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ሌሊት የሚብስ ሳል ያመጣል። ሰው ጉንፋን እየመሰለው ወር ሙሉ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብልና ማር ሲውጥ ይከርማል። መፍትሔው ግን ሐኪሙ ኪኒኑን ወደ ሌላ ዓይነት መቀየሩ ነው። ሳሉ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

አሁን ወደ ማሩ እንምጣ። ከጥያቄሽ ሁሉ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ጎጃም የማር አገር ነው። ማር ለኛ የደስታም የፈውስም ነገር ነው፤ ማንም በክፉ አያየውም። ግን ስኳር ላለበት ሰው ማር ስኳር ነው። ነጭም ይሁን ቀይ፣ የጫካም ይሁን የጓሮ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር ይይዛል። ይህ ወደ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር መሆኑ ነው። የታማሚ ስኳር በድንገት ሲወርድ እኛ ባለሙያዎች ለማንሣት የምንሰጠው 15 ግራም ነው። እናትሽ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው አንድ ማንኪያ ሲውጡ የወደቀ ስኳር የሚያነሣ መጠን እየወሰዱ ነው፤ የሳቸው ግን አልወደቀም፤ 190 ላይ ነው ያለው። ጥቁር አዝሙዱ በወራት የሚያወርደውን ማሩ በየጠዋቱ መልሶ ይሰቅለዋል። ከዚያ «ጥቁር አዝሙድም አልሠራልኝ» ይባላል። ጥቁር አዝሙዱን ለመዋጥ የሚያስቸግረው መረር ስለሚል ከሆነ፣ የተፈጨውን ሽሮ ወጥ ላይ ወይም እርጎ ውስጥ ጨምረው ይብሉት። ውኃም ይበቃል።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ግሊቤንክላማይድ ነው። የመድኃኒቶቹን ጠባይ ላስረዳሽ። ሜትፎርሚን ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፤ ሰውነት ኢንሱሊኑን በደንብ እንዲጠቀም ያግዛል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረዱ ነገር እምብዛም ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስለቅቃል። ምግብ ይኑር አይኑር ይሠራል። ዕድሜ በገፋና ኩላሊት በደከመ ቁጥር ሰውነት ውስጥ ይቆያል። በዚህ ላይ ስኳር የሚያወርድ ቅጠል ወይም ፍሬ ሲጨመር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።

ይህ ደግሞ በጾም ይብሳል። እናትሽ እንደ አብዛኛው ጎጃሜ እናት ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ይመስለኛል። ፍልሰታንም እንዲሁ። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ተውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ከሌለ ያለ ጥቁር አዝሙዱም አደጋ አለው። ላብ ያጠምቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ልብ ይመታል፤ ድንገተኛ ረሃብ ይመጣል። ከዚያ ንግግር ይተሳሰራል፤ ሰውየው የሰከረ ይመስላል፤ ራሱንም ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ከቆሙበት ወድቀው «ጾሙ አድክሟቸው ነው» ተብለው ጥላ ሥር የሚቀመጡ እናቶች አሉ። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልጋቸው ስኳር ነው። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ መለካት፤ ካልተነሣ መድገም፤ ከዚያ ምግብ ማብላት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ስለዚህ ጾም ከመግባቱ በፊት ሁለት ሰው ያማክሩ። አንዱ ሐኪማቸው ነው፤ የኪኒኑን ሰዓት ወይም ዓይነት ሊለውጥላቸው ይችላል። ሌላው የንስሐ አባታቸው ናቸው። ለሕሙማን ሥርዓቱ ራሱ መንገድ አለው፤ ብዙ አባቶች ይህን በደስታ ያስረዳሉ። ጥቁር አዝሙዱን ግን በጾም ሰሞን አዲስ አይጀምሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁለቱም በፊት መታየት አለበት። 190 ለምን ሆነ? በባዶ ሆድ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 130 ባለው ውስጥ ነው። ኪኒኑን በትክክል ይወስዳሉ? ሜትፎርሚኑ ሆዳቸውን እያወከ የማታውን ይዘሉታል? ሻይ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር ነው የሚያደርጉት? ቡና በተፈላ ቁጥርስ? ጠላው? በዓል ሰሞን ነው የተለካው? በየመስኮቱ የማየው ይህን ነው፤ ሰው የኪኒኑን ሰዓት ሳያስተካክል ቅጠል ፍለጋ ይወጣል። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲወሰድ የሆዱ ችግር ይቀንሳል። መጠኑም ሊጨመር የሚችል ከሆነ ሐኪሙ ያያል። ይህ ከሁለቱም ተክሎች የበለጠ ስኳራቸውን ሊያወርድ ይችላል።

ይሄ ሁሉ ታይቶ፣ ሐኪሙም አውቆት፣ ጥቁር አዝሙድ እንሞክር ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ምንም ሳይጀመር በባዶ ሆድ እየለካችሁ ጻፉ። ከዚያ በግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከምሳ ጋር ይጀመር። ሆዳቸው ከተስማማው በሳምንቱ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ከፍ ይበል፤ ከዚያ በላይ አይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መለካቱን አዘውትሩ። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ያልኳቸው ምልክቶች ከታዩ ጥቁር አዝሙዱ ይቁም፤ ለሐኪሙም ይነገር። ሦስት ወር ሲሞላ ኤ ዋን ሲው ይሠራ። ለውጥ ከሌለ ተዉት። ያልሠራን ነገር ዓመት ሙሉ መዋጥ ጥቅም የለውም።

ሁለቱን ባንድ ላይ አትጀምሩ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ስኳሩ ቢወርድ የቱ እንዳወረደው አታውቁም። ሽፍታ ቢወጣ ወይም ሆድ ቢታወክም የቱን እንደምታቆሙ ይጠፋችኋል። ሽፈራው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥ ውስጥ እንደ ጎመን ቢገባ ግን ለኔ ችግር አይደለም።

ዘይቱንም ትጠይቂኝ ይሆናል፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አሁን በየሱቁ ሞልቷል። በዘይት የተሠሩ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው የተጠቀሙት። ችግሩ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ንጹሑ ዘይት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ይመራል፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ቀለሙ የነጣ፣ ጣዕሙ የለዘበ ከሆነ በምግብ ዘይት የተበረዘ ሊሆን ይችላል። ፍሬው ግን በዓይንሽ ታይቶ ይገዛል። እኔ ፍሬውን እመርጣለሁ። ዘይቱን ቆዳ ላይ መቀባትም አንዳንድ ሰው ላይ ክፉ አለርጂ ያስነሣል።

ፍሬውን ስትገዢ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። በተለይ መስኖ ባለበት አካባቢ፣ ቆጋ ዙሪያ እንዳሉት መንደሮች ሽንኩርት በሚመረትበት ቤት፣ የሽንኩርት ዘርና ጥቁር አዝሙድ ሊምታታ ይችላል። ሁለቱም ጥቁር፣ ትናንሽና ማዕዘን ያላቸው ናቸው። ለዘር የሚሸጥ ሽንኩርት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፀረ ፈንገስ ኬሚካል የታሸ ነው፤ ለምግብ አይሆንም። መለያው ቀላል ነው። ጥቂት ፍሬ በጥፍርሽ ጨፍልቂ። ጥቁር አዝሙድ ወዲያው ሽታው አፍንጫሽን ይመታል፤ ውስጡ ነጣ ያለና ቅባት ያለው ነው። የሽንኩርቱ ዘር ያንን ሽታ አይሰጥም። ሻጋታ የሸተተውን፣ አሸዋና ገለባ የበዛበትንም አትግዢ። የሽፈራው ዱቄት ከሆነ ደማቅ አረንጓዴ ይሁን። ቡናማ ከሆነ ፀሐይ ላይ ደርቋል ወይም ቆይቷል። ከጓጎለ እርጥበት ገብቶታል፤ ይጣል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ ለማን «አይሆንም» እንደምል ልናገር። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሁለቱንም በራሱ አይጀምር። ሽፈራው እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል፤ ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ደም የመርጋት አቅምን ሊቀንስ ይችላል። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ጥቁር አዝሙዱን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያቁም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ በተለይ ኢናላፕሪል የሚወስድ ከሆነ፣ ሽፈራውን በብዛት አያዘውትር፤ ፖታሲየም አለው፤ ኢናላፕሪልም ፖታሲየምን ያስቀራል። ነፍሰ ጡር ሴት ዳቦ ውስጥ ያለው ጥቁር አዝሙድ አይጎዳትም፤ በማንኪያ መዋጥ ግን አይገባትም። የሽፈራው ዱቄትም በእርግዝና ጊዜ ቢቀር ይሻላል። የኛው አገር ዝርያ ጭማቂ በብዛት ሲሰጥ የእንስሳትን ጽንስ የጎዳባቸው ጥናቶች አሉ።

እናትሽ ስድስት ዓመት ስኳር ስለቆየባቸው የኩላሊት ምርመራ ከተደረገላቸው ጊዜ ቆይቶ እንደሆነ ጠይቂ። የዓይን ምርመራም እንዲሁ፤ ይህ በዓመት አንዴ መታየት ያለበት ነው። የኩላሊቱ ውጤት ግሊቤንክላማይዱም ይቀጥል እንደሆነ፣ ሽፈራውም ይዘውተር እንደሆነ ይወስናል።

እህትሽ የላከችውን ዱቄት አትጣሉት። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ ምሳ ላይ ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉበት። ቤተሰቡ ሁሉ ይብላው። በሚቀጥለው ግን ሌላ ነገር ለመላክ ካሰበች፣ ቤታችሁ ላለው የስኳር መለኪያ ማሽን የሚሆን ስትሪፕ ትላክላቸው። ማሽን ከሌላችሁ ማሽኑን። ስትሪፑ የማሽኑ ዓይነት ካልሆነ ስለማይሠራ፣ የማሽኑን ስምና ቁጥር ፎቶ አንሥተሽ ላኪላት። ጥቁር አዝሙዱን ለመጀመር ከወሰናችሁም መጀመሪያ መኖር ያለበት እሱ ነው።